በ26 ዓመቴ ፀጉሬ ሸሸ፣ ሰርጌ ጥር ላይ ነው። ቱርክ ሄጄ ላስተክል?

ሰንጋተራ26
ሰላም ሰዎች። ቀጥታ ልግባ። 26 ዓመቴ ነው፣ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በአንዱ ነው የምሠራው። ፀጉሬ ከግንባሬ ግራና ቀኝ መሸሽ የጀመረው ገና ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ያኔ «ግንባረ ሰፊ ዕድለኛ ነው» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር፣ አሁን ግን ዕድሉ በዛብኝ። አናቴም ሳስቷል። የቢሯችን ሊፍት ውስጥ መብራቱ ከላይ ስለሆነ መስታወቱን ባየሁ ቁጥር የራስ ቆዳዬ ይታየኛል፣ አሁን አሁን በደረጃ ነው የምወጣው።

ሰርጌ ጥር ላይ ነው። እቁብም ደርሶኛል። አንድ ጓደኛዬ ኢስታንቡል ካለ ክሊኒክ ጋር አገናኘኝና በዋትስአፕ ፎቶ ላክሁ። ሐኪም ይሁን ደላላ የማላውቀው ሰው ወዲያው «4,000 ግራፍት፣ ሆቴልና መኪና ጭምር» ብሎ ዋጋ ላከልኝ (ግራፍት የሚሉት ከነስሩ ተነቅሎ የሚተከለውን ቁንጥር ፀጉር ነው)። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ነሐሴ ላይ ሄጄ ባስተክል ለጥር ይደርስልኛል ብዬ አስቤያለሁ። እዚሁ አዲስ አበባ እንተክላለን የሚሉም ቲክቶኩን ሞልተውታል።

ያደረጋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ሙድ የምትይዙም ያዙ፣ ለምጄዋለሁ።

ጀለሱ_ካዛንቺስ
ፈቃድ ከተሰጠማ እንጀምር። ሰው በእቁብ ብር መሬት ይገዛል፣ አንተ አናትህን ልታለማ ነው። ኮሪደር ልማቱ እዛም ደረሰ እንዴ?

ሰንጋተራ26
😂 አረንጓዴ ቦታው ነው የጠፋብኝ።

ቦሌ_ደርሼ_መልስ
እኔ አድርጌያለሁ፣ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ። ስለዚህ ከወሬ ሳይሆን ካየሁት ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

መጀመሪያ የጥሩን ነገር ልናገር። ግንባሬ አሁን አሪፍ ነው። ያላወቀ ሰው አይለይም፣ ፀጉር ቆራጭ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ትሄዳለህ፣ ስትመለስ አውሮፕላኑ ውስጥ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ማሰሪያ ያደረጉ ወንዶች ሞልተዋል። እርስ በርስ ተያይተን ዝም ነው ያልነው።

ቀኑ እንዲህ ነው። ጠዋት ገባሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ዶክተሩ መጣና በእስክሪብቶ ግንባሬ ላይ መስመር አሰመረ። ከዚያ ሰላም ብሎኝ ወጣ። ተመልሶ አላየሁትም። የቀረውን በሙሉ የሠሩት ቴክኒሺያኖች ናቸው። ጭንቅላትህን ሙሉ በሙሉ ይላጩሃል። ማደንዘዣው ሲወጋ ያማል፣ «ትንኝ ነው» የሚልህን አትመን። ራስ ቆዳ ላይ ደጋግሞ መርፌ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አይሰማም። በደረትህ ተኝተህ ከኋላ አንድ በአንድ ይነቅላሉ፣ ምሳ ይሰጡሃል፣ ከዚያ በጀርባህ ተኝተህ ፊት ላይ ይተክላሉ። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ወገቤ ነው ከሁሉ በላይ ያመመኝ።

ከዚያ በኋላ እብጠት አለ። ፈሳሹ ከግንባር ወደ ዓይን ይወርዳል፣ የሆነ ጠዋት ዓይኔ አልከፈት ብሎ ነበር። ለሳምንት ያህል ቀና ብለህ ነው የምትተኛው። ቅርፊቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይራገፋል፣ ያኔ ፀጉሩ ቆሞ ስታየው ደስ ይልሃል፣ ፎቶ ትነሣለህ። ወር ሳይሞላ ግን የተተከለው ራሱ ይረግፋል። አዎ፣ በሙሉ ማለት ይቻላል። ስሩ ውስጥ ነው፣ ላዩ ነው የሚረግፈው፣ ግን ማንም ቀድሞ ካልነገረህ «ብሬን በሉኝ» ብለህ እንቅልፍ ታጣለህ።

አሁን ወደ ሰርግህ። ነሐሴ ብታስተክል መስከረምና ጥቅምት ላይ ከአሁኑ የባሰ ነው የምትመስለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀጭን ቀጭን እየሆነ መውጣት ይጀምራል። ጥር ላይ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ሳይወጣ ትዳራለህ። ዋናው ውጤት የሚታየው በዓመቱ ነው፣ የአናት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ለጥር አይደርስልህም። የሰርግ አልበም ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር፦ የተተከለው ፊት ለፊት ቆሞ የራሴ ፀጉር ከኋላው መሸሹን ቀጠለ። አሁን ፊት ላይ ፀጉር፣ መሃል ላይ ባዶ፣ ከዚያ እንደገና ፀጉር እንዳይሆንብኝ መድኃኒት ላይ ነኝ። ክሊኒኩ ስለ መድኃኒት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሁለተኛ ዙር ልሥራልህ ብለው ግን ይደውላሉ።

ሰንጋተራ26
ይሄን ሁሉ ማንም አልነገረኝም። «ለሰርግህ ዝግጁ ትሆናለህ» ነው ያሉኝ እኮ።

ጀለሱ_ካዛንቺስ
የትኛው ሰርግ እንደሆነ አልነገሩህማ።

ቆዳ_ሐኪም_ነኝ
የቆዳ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። በፎቶ አልመረምርህም፣ ግን ከመሄድህ በፊት ልታውቀው የሚገባህን ልንገርህ።

አንደኛ፣ ምን እንደያዘህ ሳይታወቅ ምንም አይተከልም። ከግራና ቀኝ ግንባርና ከአናት የሚጀምር መሳሳት አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣው ነው። ቴስቶስተሮን ዲኤችቲ ወደሚባል ሆርሞን ይቀየራል፣ በዘር የተጋለጠ የፀጉር ስር በዚህ ሆርሞን እየቀጨጨ ይሄዳል፣ የሚያወጣው ፀጉር እየቀጠነ እየቀጠነ መጨረሻ ላይ ያቆማል። የጎንና የኋላ ፀጉር ይህን ስለሚቋቋም ነው ራሰ በራ ሰው ሁሉ ከጆሮው በላይ ፀጉር የሚቀረው። ግን ሁሉም የፀጉር መሳሳት ይሄ አይደለም። ታይፎይድ ወይ ኃይለኛ ትኩሳት ከያዘህ በሁለት ሦስት ወሩ ፀጉር በእፍኝ ሊረግፍ ይችላል፣ ያ ራሱ ይመለሳል። የብረት እጥረት አለ፣ የታይሮይድ ችግር አለ፣ በክብ በክብ የሚመልጠው ላሽ አለ፣ ፈንገስ አለ። ፈንገስ ላይ ወይ ላሽ ላይ ሄዶ ፀጉር ማስተከል ብር ማቃጠል ነው።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ባንክ ነህና በአንተ ቋንቋ፦ ንቅለ ተከላ ትራንስፈር ነው እንጂ ዲፖዚት አይደለም። አዲስ ፀጉር አይፈጠርም፣ ከኋላ ተነሥቶ ፊት ይቀመጣል። የኋላው ሒሳብ ደግሞ የተወሰነ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ በዕድሜ ልክ ቢበዛ 6,000 ግራፍት አካባቢ ነው በደህና የሚወጣው፣ ብዙዎች ላይ ከዚያም ያንሳል። አሁን በ26 ዓመትህ 4,000ውን ግንባር ላይ ካፈሰስከው በ40 ዓመትህ አናትህ ሲመለጥ በምን ትሸፍነዋለህ? የ26 ዓመት ሰው ፀጉሩ የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሐኪሞች ወጣት ሲመጣ መጀመሪያ መድኃኒት ጀምር፣ ዓመት እንይህ የሚሉት።

መስመሩም ላይ ተጠንቀቅ። ወጣት ሁሉ የ16 ዓመት ግንባሩን ነው የሚፈልገው። ዝቅ ተደርጎ የተሰመረ መስመር በ26 ያምራል፣ በ50 ግን ያስቃል፣ የተተከለው አይሸሽምና። ከቅንድብ መሃል እስከ ፀጉር መጀመሪያ ቢያንስ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር መተው የተለመደ ነው።

መቀስ_ፒያሳ
እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ሱቄ ፒያሳ ነበር፣ ሲፈርስ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣሁ። ሐኪሙ ያለውን በእጄ ነው የማየው። አስተክለው የመጡ ልጆች ወንበሬ ላይ ሲቀመጡ ፊት ፊቱ ያምራል፣ ከኋላ ማሽን ሳስገባ ግን በአንዳንዶቹ ላይ ነጠብጣብ ነጠብጣብ፣ ብል የበላው ይመስላል። ከመጠን በላይ ስለወሰዱ ነው። ፌድ ቁረጥልኝ ይሉኛል፣ እንዴት ልቁረጥ? ባሳጠርኩት ቁጥር ይብሱን ይታያል። በስትሪፕ፣ ማለት ከኋላ ቆዳው ራሱ በቀጭኑ ተቆርጦ የተሠራላቸውማ ከጆሮ እስከ ጆሮ መስመር አላቸው፣ እነሱ ጋ ዜሮ ማውረድ የለም።

ሌላ ነገር። ማጅራቱ ላይ እባጭ እባጭ የሚወጣበት ልጅ አለ አይደል፣ ማሽን ሲነካው የሚደማ፣ ቆይቶ የሚጠጥር። የእኛ ልጆች ላይ ብዙ ነው። አልኮሉን ጨምርልኝ ይላል፣ እኔም እጨምራለሁ፣ አይጠፋም። እንደዚህ ያለው ሰው ማስተከል ይችላል ዶክተር? አንድ ደንበኛዬ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ።

ቆዳ_ሐኪም_ነኝ
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ያ እባጭ በጣም ወደ ቆዳ ተጠግቶ ሲላጭ የሚብስ የቆየ ብግነት ነው። ጠምዛዛ ፀጉር ባላቸው ወንዶች ላይ ይበዛል። አልኮል አያድነውም፣ ሕክምና አለው። ዜሮ ማውረዱንም ቢተወው ይሻለዋል። ማስተከሉን ሳይድን አያስበው፣ ፀጉር የሚወሰደው ከዚያው ከኋላ ነው። ኬሎይድ የሚወጣበትም ሰው፣ ማለት ጆሮዋን ተበስታ ጠባሳው የወፈረባት እህት ወይ ክትባት የተወጋበት ቦታ ያበጠበት ወንድም ካለህ፣ ወይ አንተው ላይ ካለ፣ ቀድመህ ተናገር።

ሌላው ስለ እኛ ፀጉር። ጠምዛዛ ፀጉር ከቆዳ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም የተጠማዘዘ ነው። ቀዳጁ መሣሪያ ቀጥ ብሎ ሲገባ ስሩን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ስር ደግሞ አይበቅልም። ስለዚህ ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ብቻ የለመደ እጅ እኛ ላይ ብዙ ያበላሻል። ጥቅሙ ደግሞ ጠምዛዛ ፀጉር ቆዳ የመሸፈን አቅሙ ትልቅ ነው፣ በጥቂት ግራፍት ብዙ ቦታ ይሸፈናል። ለዚህ ነው ዋትስአፕ ላይ ፎቶ አይቶ «4,000» የሚል ሰው የሚያሳስበኝ።

ዲሲ_ነኝ
እዚህ አሜሪካ ያው ሥራ ከ5,000 እስከ 15,000 ዶላር ይጠየቃል፣ ለዚህ ነው የሀበሻ ልጅ ሁሉ በኢስታንቡል በኩል አድርጎ አገር ቤት የሚገባው። ግን እዛም ርካሹ ሁሉ አንድ አይደለም። የዓለም አቀፉ የፀጉር ተከላ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ሐኪም በሌለበት ቴክኒሺያን ብቻ ስለሚሠራባቸው ቦታዎች ዘመቻ ከፍቶ እያስጠነቀቀ ነው።

በነገራችን ላይ ነገሩ አዲስ አይደለም። ኖርማን ኦረንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ነው በ1952 እ.ኤ.አ. የጀመረው። ከኋላ የተወሰደ ፀጉር ፊት ላይ ቢተከልም የኋላውን ጠባይ ይዞ እንደሚቀጥል ያሳየው እሱ ነው። ያኔ ግን በአንድ ጉድጓድ ደርዘን ምናምን ፀጉር አንድ ላይ ስለሚተከል የአሻንጉሊት ራስ ያስመስል ነበር፣ የድሮ ፎቶዎች ላይ ታዩታላችሁ። አሁን አንድ ግራፍት ከ1 እስከ 4 ፀጉር ነው ያለው፣ ለፊት መስመር ባለ አንድ አንዱ ተመርጦ ይተከላል። ያንን የሚመርጥልህ ሰው ማን እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለብህ።

ሰንጋተራ26
እሺ፣ ምን ምን ልጠይቅ ታዲያ?

ቦሌ_ደርሼ_መልስ
ጉድጓዱን የሚቀድደው ማን ነው በል፣ ሐኪሙ ነው ወይስ ቴክኒሺያን። ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው ይይዛል በል፣ አንድ ሐኪም አሥር ሰው ከያዘ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። እንደኛ ያለ ፀጉር ያላቸው ሰዎችን ሥራ ከዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶ አሳዩኝ በል፣ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንም። «መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ» ብለህም ጠይቅ፣ አያስፈልግም ብሎ የሚፎክር ካለ ሌላ ፈልግ። እዚህ አገር ለሚሠራውም ያው ነው፣ የክሊኒኩንና የሐኪሙን ፈቃድ አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም።

ብሩን ደግሞ በደንብ አስላ። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ፓኬጁ 2,500 ዶላር ነው ቢሉህ ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ ከሥራ የምትቀርበት አለ።

ፈሪ_ነኝ
ሁላችሁም መድኃኒት መድኃኒት ትላላችሁ፣ ስሙንም አትጠሩትም። ፊናስተራይድ ነው አይደል? እሱ ወንድነትን ይገድላል ሲባል ሰምቻለሁ። ሰውየው ሊያገባ ነው እኮ! ፀጉር ይዞ ሌላውን ቢያጣስ? እኔ ቅቤዬን ቀብቼ እቀመጣለሁ።

ቆዳ_ሐኪም_ነኝ
ፍርሃትህ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ግን ተጋኗል። ፊናስተራይድ መጀመሪያ የወጣው ለፕሮስቴት ነው፣ በ5 ሚሊግራም። ለፀጉር 1 ሚሊግራም የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ዲኤችቲን ይቀንሳል፣ ስለዚህ መሸሹን ያቆማል፣ አንዳንዱ ላይም ይመልሳል። የፍላጎት መቀነስና የመቆም ችግር በጥቂት ሰዎች ላይ ይታያል፣ በአብዛኛው ሲያቆሙት ይጠፋል። ካቆሙም በኋላ ቆየብን የሚሉ ሰዎች ግን አሉ፣ የመድኃኒቱ ማብራሪያም ላይ ተጽፏል። ጭንቀትና ድባቴም አለ፤ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2025 እ.ኤ.አ. ራስን የማጥፋት ሐሳብን እንደ ጎንዮሽ ጉዳት አረጋግጧል። ድባቴ የነበረበት ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር እንዳይጀምር። እየወሰድክ ደም አትለግስ። የተሰበረ ወይ የተፈጨ ኪኒን እርጉዝ ሴት አትንካ፣ ለወንድ ፅንስ ጉዳት አለው።

ሁለተኛው ሚኖክሲዲል ነው፣ የሚቀባው። መጀመሪያ የደም ግፊት ኪኒን ነበር፣ የወሰዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና በ1988 እ.ኤ.አ. የሚቀባው ለወንዶች ተፈቀደ። መጀመሪያ ላይ ለሳምንታት ያረግፍብሃል፣ አትደንግጥ። ካቆምከው ያበቀልከው በወራት ውስጥ ይሄዳል። ሁለቱም በቋሚነት የሚወሰዱ ናቸው፣ ይሄን አውቀህ ግባ።

ቅቤ ደግሞ ፀጉር ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበር ይረዳል። ዲኤችቲን ግን አያውቀውም።

ፈሪ_ነኝ
ቀይ ሽንኩርትስ? ጥቁር አዝሙድ? የጉሎ ዘይት?

ቆዳ_ሐኪም_ነኝ
በዘር ለሚመጣው አይሠሩም። ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ጨምረው።

ሹሩባ_ቀረ
እኔም አንድ ልበል፣ ሁሉም ወንድ ብቻ እያወራ ነው። ከግንባሬ ዳርና ከጆሮዬ በላይ ፀጉሬ አልቋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠበቅ ያለ ሹሩባ ስሠራ፣ በኋላ ደግሞ አርቴፊሻል ሲቀጠልልኝ፣ «ካልጠበቀ አያምርም» ስባል ነው የኖርኩት። የሚሠሩኝ ልጆች ራስ ምታት እንደሚያመኝ ያውቃሉ፣ ፓራሲታሞል ውሰጂ ይሉኛል። ማስተከል ይቻላል ወይ ለሴት?

ቆዳ_ሐኪም_ነኝ
እህቴ፣ ይቻላል፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጎተቱ መጀመሪያ ይቆማል። ገና ከሆነ ራሱ ይመለሳል፣ ለዚህ ነው ቶሎ ማቆሙ የሚጠቅመው። ብዙ ዓመት ከቆየ ግን ስሩ ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል፣ ያኔ ማስተከል አማራጭ ነው። መጎተቱ ሳይቆም ከተተከለ የተተከለውም ይነቀላል። ከአናትሽ መሃል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያቃጥል ወይ የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት፣ ያ እሳት እንዳለ አይተከልም።

ሁላችሁም፣ የት እንሂድ ለምትሉ፣ የቆዳ ሐኪም ያለበት ቦታ ሁሉ ይሆናል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። ዘነበወርቅ ሲባል ሰው ዛሬም የሥጋ ደዌ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ጎረቤት እንዳያየው ተሸፋፍኖ የሚመጣ አለ። እርግጥ በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ለዚያ ነበር፣ አሁን ግን የቆዳ ሕመም ዓይነት ሁሉ ይታይበታል።

ራሰ_በራው_ጋሼ
ልጆቼ፣ እኔ አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግሁ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በሃያዎቹ መጨረሻ ነው ራሴ የበራው። ያኔ የሚተክል የለ፣ ኪኒን የለ፣ ባርኔጣ ነበር። ስንት ዓመት በባርኔጣ ተደብቄ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ብቻ አወልቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ሙልጭ አድርጌ ተላጨሁና አረፍኩ። ሚስቴም ከባርኔጣው ይልቅ ይሄን ወደደችው። አታድርግ አልልህም፣ ብሩ ያንተ ነው። ግን ልጄ፣ መላጨትንም አንድ ጊዜ ሞክረው፣ ነፃ ነው።

መቀስ_ፒያሳ
ጋሼ፣ ነፃ አይደለም፣ እኔ ምን ልብላ? 😄

ጀለሱ_ካዛንቺስ
ጋሼ እንደርሶ ያለ የራስ ቅል ያለው ይላጭ። የእኔማ ከተላጨ ቅርፁ ካርታ ነው የሚመስለው።

ሰንጋተራ26
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ተላጭቼ መስታወት ፊት ቆሜ አስቤዋለሁ፣ ግን እኔን አይደለም የማየው። ምናልባት ቆይቶ።

ቦሌ_ደርሼ_መልስ
አንድ የረሳሁት። ከተከላ በኋላ ፀሐይ። እኛ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የምንኖረው፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ብርድ እያለም ታቃጥላለች። አዲስ የተተከለ ቆዳ ላይ ለወራት ፀሐይ በቀጥታ ማረፍ የለበትም፣ ጠባሳው ይጠቁራል። ከቀናት በኋላ ሰፋ ያለ ኮፍያ ይፈቀዳል፣ የሚያጣብቅ አይሆንም። በታክሲ ሰልፍ ስቆም ኮፍያዬን የሚያዩ ሁሉ ፈንጣጣ የያዘኝ መስሏቸው ይሸሹኝ ነበር። ላብም አይሆንም፣ ጂምና ኳስ ለወር ያህል ተወው።

ሰንጋተራ26
*(ከሳምንታት በኋላ)*
ተመለስኩ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው።

የኢስታንቡሉን ሰውዬ ጥያቄዎቻችሁን ላክሁለት። «ጉድጓዱን ማን ይቀድዳል» ላይ ሲደርስ «ልምድ ያለው ቡድናችን» አለኝ። ሐኪሙ ማን ነው ስለው የክሊኒኩን ስም ነገረኝ። የጠምዛዛ ፀጉር ፎቶ ስጠይቅ አንድ ሰው ላከልኝ፣ ፊቱን ብቻ፣ የኋላውን ጨምር ስለው የ200 ዶላር ቅናሽ አደረገልኝ። ዛሬ ቀብድ ካልላክህ ቅናሹ ያልፍሃል ብሎ እስካሁን ይጽፍልኛል።

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። አጉሊ መነጽር በመሰለ ነገር ራሴን አየችው፣ ፀጉሬን ያዝ አድርጋ ጎተት አደረገችው፣ የብረትና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘችልኝ። በአባትህ በኩል ነው በእናትህ አለችኝ። እኔ ከእናት አባት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፣ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል አለች። አባቴ ሠላሳ ሳይሞላው ነው የበራው፣ የእናቴ አባት ግን ፎቶው ላይ ጎፈሬ ነው። ደሜ ደህና ነው፣ የዘሩ ነው። ፎረፎርም አለብህ ብላ ሻምፑ ጨመረችልኝ። ከኋላ ያለውን ለክታ ነገረችኝ፣ መካከለኛ ነው፣ የሚባክን የለህም አለች። ሁለቱንም መድኃኒት ጀመርኩ። ዓመት ከርሞ መሸሹ ከቆመ ስለ ማስተከል እናወራለን፣ ያኔም ጥቂት፣ ግንባር ላይ ብቻ። ኪኒኑን ከመጀመሬ በፊት እጮኛዬ ጋ ቁጭ ብለን አወራን፣ የጎንዮሹን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ስለ ፀጉሩ «አባትህን አይቼ ነው የገባሁበት» አለችኝ።

እቁቡ ባንክ ነው። የአዳራሽ ቀብድ ግማሹን በላው።

ጀለሱ_ካዛንቺስ
ሚዜነቱን ለእኔ ስጠኝ። ከጎንህ ስቆም ጎፈሬ ትመስላለህ።

መቀስ_ፒያሳ
ለሰርጉ ወደኔ ና። ጎኑን በጣም አሳጥሬ ላዩን ትንሽ ብተውልህ ግንባርህ አይጎላም። ሰው ሁሉ ላዩን ያስረዝማል ሊሸፍን፣ ያ ነው ይብስ የሚያጋልጠው። ደግሞ ፎቶ ላይ የሚነሰነስ የፀጉር ዱቄት አለ፣ የሳሳ ቦታ ላይ ይጣበቃል፣ ከርቀት አይለይም። ዝናብ ካልመጣ። ጥር ነው፣ አይመጣም።

ሹሩባ_ቀረ
እኔም ሄጄ ታየሁ። ጠባሳ አልሆነም አሉኝ፣ ሹሩባው ለጊዜው ቀርቷል፣ ሚኖክሲዲል ተሰጥቶኛል። አንተ ግን የምትቀባው ፈሳሹን ነው ፎሙን? እኔን ፈሳሹ ያሳክከኛል።

ሰንጋተራ26
ፈሳሹን። እኔንም ያሳክከኛል፣ ፎረፎሩ መስሎኝ ነበር።

ቆዳ_ሐኪም_ነኝ
ፈሳሹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳክከው እሱ ነው። ፎሙ ውስጥ የለም፣ ካገኛችሁ እሱን ሞክሩ። እህቴ፣ አንቺ ወደ ፊትሽ እንዳይወርድ ተጠንቀቂ፣ ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል። ሁለታችሁም ማታ ስትቀቡ ሳይደርቅ ትራስ ላይ አትተኙ። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ደግሞ እጃችሁን ታጠቡ፣ ራሳችሁንም አታስልሷት፣ ለድመት መርዝ ነው፣ ትንሹም ሊገድላት ይችላል።

ሰንጋተራ26
ድመት የለኝም። የአከራዬ ግን አለች፣ አልጋዬ ላይ ነው የምትውለው። ዛሬውኑ በሩን እዘጋለሁ።